የ180 ሰከንድ ዜማ 204 ሰከንድ ሲፈጅ፦ የአንድ ዋይኤም2149 ሳጥን የጉዳይ ጥናት፣ ደሴና ኮምቦልቻ

ሳጥኑ የተሠራው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚጫወተው ግን ኮምቦልቻ ወርዶ መድረክ ላይ ነው። ዜማው በአምባሰል ቅኝት፣ በችክችካ ምት የሚሄድ የ3 ደቂቃ ሥራ ነው። የዘፋኟ ድምፅና ጭብጨባው አስቀድሞ ስልክ ላይ ተቀድቷል። ክራሩን፣ ባሱንና ከበሮውን ተክቶ የሚያጅበው ዋይኤም2149ኤፍ የተባለው የያማሃ ቺፕ ነው። ቺፑ የጄኔራል ኢንስትሩመንት የኤዋይ-3-8910 ወንድም ነው። ዜድኤክስ ስፔክትረም 128፣ አምስትራድ ሲፒሲ፣ ኤምኤስኤክስና አታሪ ኤስቲ ሁሉም ዜማቸውን ያወጡት በዚህ ቤተሰብ ቺፖች ነው። ያለው ሦስት የድምፅ መስመር፣ አንድ ኖይዝ (ቅኝት የሌለው የሹሹታ ድምፅ) እና አንድ ኤንቬሎፕ (የድምፁን ጉልበት የሚቀርጽ) ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ሳጥኑና ስልኩ አብረው ተነሡ። ድምፁ በ180ኛው ሰከንድ ሲያልቅ ሳጥኑ ገና 24 ሜዠር ያህል ይቀረው ነበር፤ ብቻውን ሲለካ 204.5 ሰከንድ ፈጀ። ችግሩ መዘግየት ብቻ አልነበረም። ቅኝቱ ከዘፋኟ ድምፅ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሏል፣ ከበሮው በየ0.69 ሰከንዱ ይንገዳገዳል፣ ባሱ ደግሞ ያለማቋረጥ ይንጣጣል።

በጠረጴዛው ዙሪያ መጀመሪያ የቀረቡት ሁለት መፍትሔዎች ብዙ ሰው የሚያስባቸው ናቸው፦ ቺፑን በሚያዝዘው አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ውስጥ ያለውን የ20 ሚሊ ሰከንድ ዲሌይ፣ ማለትም ጥበቃ፣ መቀነስ፣ ወይም «ቺፑ ፎርጅድ ነው» ብሎ መቀየር። የመጀመሪያው የማይሠራበት ምክንያት በሒሳብ ይታያል። ዜማው 9504 ቲክ (ቺፑ አዲስ ትእዛዝ የሚቀበልበት አንድ እርምጃ) አለው፤ ከዲሌዩ 1 ሚሊ ሰከንድ በተቀነሰ ቁጥር ርዝመቱ በ9.5 ሰከንድ ያጥራል። በ18 ሚሊ ሰከንድ 185.5፣ በ17 ደግሞ 176 ሰከንድ ይወጣል። 180 ላይ የሚያርፍ ቁጥር የለም፤ ቢኖርም መንገዳገዱ እንዳለ ይቀራል። ቺፑ ደግሞ ጤነኛ ነበር። ፎርጅድ ቺፕ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ነገር ግን የሚሞት ወይም መስመር የሚጎድለው እንጂ ልክ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚዘፍን ፎርጅድ የለም።

ሁለቱ ክሎኮች

የዚህ ጉዳይ ቁልፍ አንድ ነው፦ የዜማው ፍጥነትና የድምፁ ከፍታ ከተለያየ ክሎክ (እኩል የሚመታ የኤሌክትሪክ ምት) ይመጣሉ። ከፍታውን የሚወስነው በቺፑ 22ኛ እግር የሚገባው የሜጋኸርዝ ክሎክ ነው፤ የቺፑ ክሎክ ለ16ና በሬጅስተሩ (በቺፑ ውስጥ ባለው የቁጥር ማስቀመጫ) ለተጻፈው ቁጥር ሲካፈል የድምፁ ኸርዝ ይገኛል። ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ ሬጅስተሮቹ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀየሩ ነው፤ ያ የቺፑ ሳይሆን የአዛዡ ሥራ ነው። ስለዚህ «ዘገየ» እና «ቅኝቱ ተበላሸ» የሚሉት ሁለት ቅሬታዎች በአንድ መፍትሔ አይታከሙም፤ ለየብቻ መለካት አለባቸው።

በድሮዎቹ ማሽኖች ይህ መለያየት ብዙም አይታይም ነበር፤ ሁለቱም ክሎኮች ከአንድ ክሪስታል ይወጡ ስለነበር። ሙዚቃው የሚነዳው የስክሪኑ ምስል አንዴ ተሥሎ ባለቀ ቁጥር በሚመጣው ኢንተራፕት (ሌላውን ሥራ አቋርጦ የሚገባ ጥሪ) ነው፤ ፓል የተባለውን የቲቪ ደረጃ በሚጠቀሙ አገሮች በሰከንድ 50 ገደማ። «ገደማ» የምትለው ቃል ዋጋ አላት። በስፔክትረም 128 ላይ በሰከንድ የሚመታው 3,546,900 የክሎክ ምት አንድ ምስል ለሚፈጀው 70,908 ምት ሲካፈል 50.02 ይመጣል። በሲድ ቺፕ በሚዘፍነው ኮሞዶር 64 ላይ ግን 985,248 ለ19,656 ነው፤ የሚወጣው 50.12 ነው። የኮሞዶርን ዜማ በደፈናው በ50 ያጫወተ ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ይዘገያል። የአሜሪካው ኮሞዶርም 60 ሳይሆን 59.83 ነው። ይህን 50 ከግድግዳው መብራት 50 ኸርዝ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ የቲቪው ደረጃ ሲወጣ ተያይዞ ሊሆን ይችላል እንጂ ማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ከክሪስታሉ የሚቆጠር ነው።

በደሴው ሳጥን ውስጥ ግን ስክሪን የለም። ቺፑን የሚያዝዘው አርዱዊኖ ኡኖ ነው፤ ቲኩንም የቺፑን ክሎክም ፕሮግራሙ ራሱ ይፈጥራል። ነፃነቱም ጥፋቱም ከዚህ ይመጣል።

አሠራሩ

የዳታ መስመሮቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ታችኛዎቹ አራት ቢቶች ከአርዱዊኖው ኤ0 እስከ ኤ3 እግሮች፣ ላይኛዎቹ አራት ከዲ4 እስከ ዲ7 ገብተዋል። ይህ አከፋፈል የታሰበበት ነው፤ ቢት ማንሸራተት ሳያስፈልግ የቁጥሩ ታችኛ ግማሽ በፖርት ሲ (ፖርት በአንድ ትእዛዝ የሚጻፍ የእግሮች ቡድን ነው)፣ ላይኛ ግማሽ በፖርት ዲ በቀጥታ ይጻፋል። በቺፑ በኩል የዳታ እግሮቹ ከ37 (ዜሮኛው ቢት) እስከ 30 (ሰባተኛው ቢት) ናቸው። ቢዲር የሚባለው 27ኛ እግር ወደ ዲ8፣ ቢሲ1 የሚባለው 29ኛ እግር ወደ ዲ9 ሄዷል፤ ሁለቱ ቺፑን «ጻፍ» ወይም «አንብብ» የሚሉ የትእዛዝ እግሮች ናቸው። ቢሲ2 (28) እና ኤ8 (25) ወደ 5 ቮልት፣ 24ኛው እግር ወደ መሬት፣ ሪሴቱ (23) ወደ ኤ4 ተያይዘዋል። የዜማው ፋይል ያለበት ሚሞሪ ካርድ እንደተለመደው ከዲ10 እስከ ዲ13 ይይዛል። በ40ኛውና በ1ኛው እግር መካከል 100 ናኖ ፋራድ አለ። ሦስቱ የድምፅ መውጫዎች (4፣ 3 እና 38) እያንዳንዳቸው በ1 ኪሎ ኦም ወደ መሬት ወርደው፣ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ጋራ ነጥብ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በ10 ማይክሮ ፋራድ ወደ አምፕሊፋየሩ።

26ኛው እግር ምንም ሳይነካው መተው አለበት። በዋይኤም2149 ላይ ይህ እግር መሬት ከነካ ቺፑ ክሎኩን ለሁለት ይከፍልና ዜማው በሙሉ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ኦክታቭ የወረደ ሳጥን ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ልኬቱ

ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አልነበረም፤ አላስፈለገምም። ፕሮግራሙ በየቲኩ የኤ5ን እግር ከዜሮ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ እንዲገለብጥ ተደረገ። እግሩ በ10 ኪሎ ኦምና በ1 ኪሎ ኦም ተከፍሎ፣ 5 ቮልቱ ወደ 0.45 ወርዶ፣ የላፕቶፑ ማይክ ውስጥ ገባ። በሰከንድ በ44,100 ናሙና ተቀድቶ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት በሁለት ጫፎች መካከል ያለው ናሙና ይቆጠራል። የማይክ መግቢያው ካፓሲተር ስላለው ሞገዱ አራት ማዕዘን ሳይሆን ሹል ሆኖ ይታያል፤ ለቆጠራ ግን ጫፉ ይበቃል።

20 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን 882 ናሙና መሆን ነበረበት። የተገኘው 946 ነው፤ ማለትም 21.45 ሚሊ ሰከንድ። በየ32ኛው ቲክ ላይ ደግሞ 88 ናሙና ያህል የሚረዝም ክፍተት አለ፤ 2 ሚሊ ሰከንድ። 32 የሚለው ቁጥር ጥፋተኛውን በስሙ ጠርቶታል። ፋይሉ ለእያንዳንዱ ቲክ 16 ባይት አለው፤ ካርዱ የሚነበበው በ512 ባይት ነው፤ 512 ለ16 ሲካፈል 32። ከበሮው በየ0.69 ሰከንዱ የሚንገዳገደው አዲስ የካርድ ብሎክ እየተነበበ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ሌላ ባዶ ፕሮግራም ተጫነ፤ ዜማ የለው፣ ካርድ አያነብ፣ በታይመር ብቻ እግሩን የሚገለብጥ። በፕሮግራሙ ቆጠራ 60 ሰከንድ የሆነው በላፕቶፑ 60.17 ሆኖ ተገኘ፤ ቦርዱ ራሱ በ0.28 በመቶ ዘገምተኛ ነው።

አሁን 24.5 ሰከንዱ መበተን ይችላል። የቲክ ፍጥነቱ ከዘፋኟ ፍጥነት ጋር ስላልተዛመደ 10.1 ሰከንድ፣ ሬጅስተሮቹን ለመጻፍ የሚወስደው ጊዜ በዲሌዩ ላይ እየተደመረ 13.3፣ ካርዱ 0.6፣ ቦርዱ 0.5። ካርዱ ከሁሉ ትንሹን ድርሻ ከያዙት ነው፤ ጆሮ ግን ከሁሉ በፊት የሰማው እሱን ነበር። አንዱ መንሸራተት ነው፤ ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ መጨረሻ ላይ ይታያል። ሌላው መንገዳገድ ነው፤ ድምሩ ኢምንት ሆኖ እያንዳንዱን ምት ያበላሻል። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

ዲሌዩ

ዲሌይ «20 ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ» ይላል እንጂ «በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ተነሣ» አይልም። ከጥበቃው በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ይደመራል። በዚህ ሳጥን ላይ 14 ሬጅስተሮች በዲጂታል ራይት (አርዱዊኖው አንድ እግር ብቻ የሚቀይርበት ትእዛዝ) እየተጻፉ ነበር። አንዷ የዲጂታል ራይት ጥሪ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ትወስዳለች፤ ለአንድ ሬጅስተር ከ20 በላይ ጥሪ ያስፈልጋል፤ 14ቱ ሲደመሩ 1.4 ሚሊ ሰከንድ ሆኑ።

ዲጂታል ራይት ከመዘግየቱም በላይ የተደበቀ ጥፋት ነበረው። ለቺፑ አድራሻ ለመስጠት ቢዲርና ቢሲ1 ሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው። በየተራ ሲነሡ ግን በመካከል ሌላ ትእዛዝ ይፈጠራል። ቢሲ1 ቀድሞ ከተነሣ ቺፑ «አንብብ» የተባለ መስሎት ራሱ ዳታ መስመሩ ላይ ይጽፋል፤ ከአርዱዊኖው ጋር ይጋፋል። ቢዲር ቀድሞ ከተነሣ ደግሞ «ጻፍ» ይሆንና የአዲሱ አድራሻ ቁጥር ቀድሞ በተመረጠው ሬጅስተር ውስጥ ይገባል። ሁለቱ እግሮች በአንድ ፖርት ላይ ጎን ለጎን (ዲ8 እና ዲ9) የተቀመጡት በአንድ የፖርት ትእዛዝ አብረው እንዲነሡና አብረው እንዲወርዱ ነው። ጽሑፉ በቀጥታ የፖርት ትእዛዝ ሲተካ 14ቱም ሬጅስተሮች በ50 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ አለቁ። እዚህ ደግሞ በተቃራኒው ከመጠን በላይ መፍጠን አለ፤ አሮጌው ኤዋይ-3-8910 የመጻፊያ ምቱ ከግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ካነሰ ሊስተው ይችላል። በአርዱዊኖው 16 ሜጋኸርዝ ላይ 8 ባዶ ትእዛዝ ማስገባት ይበቃል።

በመካከል የተሞከረ መለስተኛ መፍትሔ አለ፤ ለሌሎች ሥራዎች ስለሚጠቅም መጥቀሱ ተገቢ ነው። ዲሌይን ትቶ ሰዓት እያዩ መሄድ። ብዙዎች «ያለፈው ጊዜ = አሁን» ብለው ይጽፋሉ፤ የሚዘገየው ሁሉ ይጠራቀማል። ትክክሉ «ያለፈው ጊዜ = ያለፈው ጊዜ + ክፍተቱ» ነው፤ አንዱ ቲክ ቢዘገይ ቀጣዩ ያካክሳል። መንሸራተቱን ፈጽሞ ያጠፋዋል። መንገዳገዱን ግን አያጠፋውም፤ ካርዱ በሚነበብበት ቅጽበት የመጣ ቲክ መጠበቁ አይቀርም።

የመጨረሻው መፍትሔ ታይመር 1 ነው፤ በአርዱዊኖው ቺፕ ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ ቆጣሪ። ኢንተራፕቱ በሰዓቱ ይነሣል፣ 16 ባይት ከባፈር (ከጊዜያዊ ማከማቻ) ያነሣል፣ ይጽፋል፣ ይወጣል። ካርዱን የሚያነብበው ዋናው ዙር ነው፤ ባፈሩ ሲጎድል ይሞላል። ባፈሩ 512 ባይት፣ 32 ቲክ ነው፤ 0.6 ሰከንድ ያህል ካርዱ ቢተኛ እንኳ ዜማው አይሰማውም። የኡኖው ሚሞሪ 2,048 ባይት ብቻ ስለሆነና የካርድ ላይብረሪው ለራሱ ሌላ 512 ስለሚወስድ ከዚህ በላይ ማስፋት አላስፈለገም። ርካሽ ካርዶች አንዳንዴ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊቆሙ ስለሚችሉ ከዚህ በጣም ማሳነስም አይመከርም። የሰርቮ ላይብረሪ ታይመር 1ን፣ ቶን የሚባለው ትእዛዝ ታይመር 2ን ስለሚወስዱ ሁለቱም ከፕሮግራሙ መውጣት አለባቸው።

ችክችካውና 52.8

የ10.1 ሰከንዱ ጉዳይ ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ የሙዚቃ ነው። ዘፋኟ የዘፈነችው በደቂቃ 132 ምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት ሦስት ስምንተኛ አለው፣ ሜዠሩ ስድስት። ትራከሩ (ዜማው የተጻፈበት ፕሮግራም) ላይ ለእያንዳንዱ ስምንተኛ 8 ቲክ ተሰጥቷል። በ50 ኸርዝ ይህ 160 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በደቂቃ 125 ምት። 7 ቲክ ቢሰጥ 143 ምት ይሆናል። በ125 እና በ143 መካከል ምንም የለም፤ ዘፋኟ ያለችው ግን እዚያ መካከል ነው።

እውነተኛ ስፔክትረም ላይ የሚሠራ ሰው 50ውን መቀየር ስለማይችል የሚያደርገው 7 እና 8ን መቀላቀል ነው። 8-7-8-7-8-7 ብሎ በየተራ መስጠት ቀላሉ ይመስላል፤ ግን የሜዠሩ የመጀመሪያ ግማሽ 23፣ ሁለተኛው 22 ቲክ ይሆናል፤ ከበሮው ያነክሳል። ችክችካ እንዲህ ያለውን አይሸከምም፤ ጭብጨባው ላይ ወዲያው ይሰማል። 8-7-8፣ 8-7-8 ቢባል ሁለቱም ግማሾች 23 ሆነው ምቱ እኩል ይወርዳል፤ ፍጥነቱ 130.4 ነው። በቀጥታ ከከበሮ መቺ ጋር ለሚጫወት ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ አስቀድሞ ለተቀዳ ድምፅ ግን በ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ በላይ ይዘገያል።

የደሴው ሳጥን ግን ቲኩን ራሱ ስለሚፈጥር ማስታመም አያስፈልገውም። 132 ሲባዛ በ3፣ ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ60፤ 52.8 ኸርዝ። 198 ሜዠር በ48 ቲክ 9504፤ 9504 ለ52.8 ልክ 180 ሰከንድ። ታይመር 1 ለ8 ሲከፈል በሰከንድ 2,000,000 ስለሚቆጥር አንድ ቲክ 37,879 ቆጠራ ነው። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ሬጅስተሩ ውስጥ የሚጻፈው አንድ የጎደለው 37,878 ነው። ቫይብራቶውና የድምፁ አወጣጥም በ5.6 በመቶ ይፈጥናሉ፤ በዚህ መጠን ጆሮ አይለየውም።

እዚህ ላይ ፋይሉ ወጥመድ አለው። ዜማውን የያዘው የዋይኤም ፋይል ራስጌ (የመግቢያ ክፍሉ) የቲኩን ፍጥነት ከ26ኛው ባይት ጀምሮ በሁለት ባይት ይይዛል፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ። 52.8 አይገባበትም። 53 ተብሎ ቢጠጋጋ ዜማው 0.7 ሰከንድ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ሳጥኑ ራስጌውን ለፍጥነት አያምንም፤ ቆጠራው በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፏል።

ቲኩ ምን ያህል እንደሚመዝን ከበሮው ላይ ማየት ይቻላል። የትልቁ ፊት ምት አራት ቲክ ነው። በመጀመሪያው ቲክ ኖይዝ ይከፈታል፣ ቁጥሩ 400፣ የድምፁ ጉልበት 15። በሁለተኛው ኖይዙ ይዘጋል፣ 600፣ 13። ከዚያ 900 በ10፣ በመጨረሻ 1200 በ6። ከ277 ኸርዝ ወደ 92 ቁልቁል የሚወርድ ዱም። ጥፊ የምትመስለው የመጀመሪያዋ ቲክ ናት፤ እሷ 2 ሚሊ ሰከንድ ስትረዝም ከበሮው ቆዳ መሆኑ ቀርቶ ቆርቆሮ ይመስላል።

አንድ ሙሉ ድምፅ

ከ22ኛው ባይት ጀምሮ በራስጌው ያሉት አራት ባይቶች የቺፑን ክሎክ ይናገራሉ። ሲነበቡ 0፣ 27፣ 15፣ 88 ናቸው፤ ማለትም 1,773,400፣ የስፔክትረም ክሎክ። ሳጥኑ ግን ለቺፑ ይሰጥ የነበረው 2,000,000 ነው፣ የአታሪ ኤስቲ፤ ከአርዱዊኖው 16 ሜጋኸርዝ በቀላሉ ስለሚገኝ። ልዩነቱ 208 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ነው፤ ሙሉ ድምፅ ከ8 ሴንት ትርፍ ጋር። ቁጥር 252 ተጽፎ ስልኩ ላይ ያለው ቲዩነር «ላ» ሊል ሲገባ «ሲ» አለ።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ቁጥሮቹን ሁሉ በ1.1278 ማባዛት ነው። ለተራ ድምፅ ይሠራል፤ እዚህ ግን ባሱ በኤንቬሎፕ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ባስ ጠንካራ የሚሆነው የድምፁ ቁጥር የኤንቬሎፑ 16 እጥፍ ሲሆን ነው፤ 63 እና 1008 ለ110 ኸርዝ። ሲባዙና ሲጠጋጉ 71 እና 1137 ይሆናሉ፤ 71 በ16 ግን 1136 ነው። በአንድ ቁጥር ስለተሳሳቱ ሁለቱ ሞገዶች በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ እየተገናኙ እየተለያዩ ባሱ ይወፍራል፣ ይሳሳል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ተመረጠ፦ ክሎኩን መቀየር።

16 ሜጋኸርዝ ለ9 ሲካፈል 1,777,778 ነው፤ ከሚፈለገው በ4 ሴንት ብቻ ይበልጣል። ታይመር 2 በፈጣን ፒደብሊውኤም ሁነታ (እግሩን በየጊዜው እያበራ እያጠፋ ሞገድ የሚያወጣበት)፣ የላይኛው ወሰን 8፣ ሁለተኛው ማነጻጸሪያ 3፤ ዲ3 ላይ ከ9 ቆጠራ 4ቱን ከፍ ብሎ ይወጣል። 44 በመቶ ነው፤ ቺፑ ከ40 እስከ 60 ይቀበላል።

4 ሴንትም የሚያስጨንቀው ካለ መፍትሔው ከጥገና ቤቱ የተጣለ ቦርድ ላይ ይገኛል። አንዳንድ የድሮ የፓል ቀለም ቲቪዎች የ8.867238 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አላቸው። ለ5 ሲካፈል 1.773448 ነው፤ የስፔክትረሙ ቁጥር ራሱ፣ ምክንያቱም ስፔክትረሙም ክሎኩን የወሰደው ከዚያው የፓል ቀለም ነውና። 74ኤችሲ390 ለ5 የሚከፍል ክፍል አለው፤ መካከለኛው መውጫው (ኪው2) 40 በመቶ ይሰጣል፣ በወሰኑ ላይ ቢሆንም ይሠራል።

ክሎኩ ተስተካክሎም ቺፑ ከፍ ባሉ ድምፆች ላይ ሻካራ ነው። ሬጅስተሩ ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሚቀበል ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር መዝለሉ ይሰፋል። በስምንተኛው ኦክታቭ «ዶ» ላይ 26.48 ያስፈልጋል፤ 26 ሲጻፍ 31 ሴንት ይሳሳታል። አምባሰል ከሁሉ የሚታወቀው ከመነሻው ቀጥሎ ባለችው ግማሽ ድምፅ ነው፤ የዚያች አንድ ሦስተኛ ከጠፋ ቅኝቱ ራሱ ይጠፋል። የክራሩ መስመር አንድ ኦክታቭ ወርዶ እንዲጻፍ የተደረገው ለዚህ ነው።

የሚንጣጣው ባስ

ይህ በአንድ መስመር ተፈታ። 13ኛው ሬጅስተር የኤንቬሎፑን ቅርጽ ይይዛል፤ ያው ቁጥር እንኳ ደግሞ ቢጻፍበት ኤንቬሎፑ ከመጀመሪያ ይነሣል። ፕሮግራሙ በየቲኩ ሁሉንም ሬጅስተር ይጽፍ ነበር። በዋይኤም ፋይል ውስጥ በ13ኛው ቦታ 255 ካለ «አትንካ» ማለት ነው፤ ያንን ማየት ብቻ በቃ።

ኮምቦልቻ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደሴ ላይ የተለካው ርዝመት 180.5 ሰከንድ ነበር፤ የቦርዱ 0.28 በመቶ። የመጀመሪያው መልስ ቆጠራውን መቀነስ ነው፦ 37,773 ተጻፈ፣ 180.0 መጣ። ቲዩነሩም 439.7 አሳየ፤ ልክ ይመስላል። ልክ ግን አልነበረም። የክሎኩ 4 ሴንት ወደ ላይ፣ የቦርዱ 5 ሴንት ወደ ታች ተጋጭተው ተሸፋፍነው ነው።

ሳጥኑ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በኮምቦልቻ የከሰዓት ሙቀት ሲለካ ርዝመቱ እንደገና በ0.1 ሰከንድ ተንቀሳቀሰ። ምክንያቱ ቦርዱ ላይ ያለው ነው። ኡኖ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ክሪስታል ስለሚታይ ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩ በክሪስታል የሚሠራ ይመስለዋል፤ ያ ግን የዩኤስቢው ቺፕ ነው። ዋናው ቺፕ የሚሠራው ከጎኑ ባለች ትንሽ ሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ ስሕተቷ እስከ 0.5 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ ከሙቀት ጋርም ትንቀሳቀሳለች። ቆጠራ በመቀነስ የሚስተካከለው የአንድ ቀን፣ የአንድ ቦታ ስሕተት ነው።

ስለዚህ የኡኖው ዋና ቺፕ፣ ኤቲሜጋ328ፒው፣ ከሶኬቱ ተነቅሎ ቀዳዳ ቦርድ ላይ ተተከለ። በ9ኛውና በ10ኛው እግር መካከል የ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ ከእያንዳንዱ እግር ወደ መሬት 22 ፒኮ ፋራድ፤ 1ኛው እግር በ10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት፤ 7 እና 20 ወደ 5 ቮልት፣ 8 እና 22 ወደ መሬት፣ በመካከላቸው 100 ናኖ ፋራድ። ቆጠራው ወደ 37,878 ተመለሰ። ቲዩነሩ አሁን 440.9 አለ፤ ተደብቆ የነበረው 4 ሴንት ወጣ። ከዘፋኟ ድምፅ ጋር ሲሰማ አላወከም፤ እንዲሁ ተተወ። በ30 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 30) ክሪስታል በ180 ሰከንድ ውስጥ የሚጠበቀው ስሕተት 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው።

የቀረው አነሣሡ ነው። በእጅ ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫን በዚህ ልክ አይሳካም፤ ከላይ የተደከመበትን ሁሉ ገደል ይከተዋል። የስልኩ ፋይል በግራ ድምፁን ብቻ እንዲይዝ፣ በቀኝ ደግሞ መጀመሪያው ላይ 0.1 ሰከንድ የሚቆይ የ1,000 ኸርዝ ፉጨት እንዲኖረው ተደረገ። አምፕሊፋየሩ ግራውን ብቻ ይወስዳል። ቀኙ በ100 ናኖ ፋራድና በ1 ኪሎ ኦም አልፎ የ2ኤን3904 ትራንዚስተር ቤዝ ላይ ይደርሳል። ከካፓሲተሩ በኋላ 1ኤን4148 ዳዮድ፣ አኖዱ መሬት ላይ፣ ሞገዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኤሚተሩ መሬት ላይ ነው፤ ኮሌክተሩ በ10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት ተስቦ ዲ2 ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያዋ የፉጨት ሞገድ ስትደርስ ሳጥኑ ይነሣል፤ በ1 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ። የስልኩ ድምፅ ከግማሽ በታች ከሆነ ትራንዚስተሩ አይከፈትም፣ ሳጥኑ ዝም ይላል። መልእክት የሚገባ ድምፅም እንደ ፉጨት ይቆጠራልና ስልኩ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ መሆን አለበት።

ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አብረው ተቀዱ። ኦዳሲቲ ላይ የመጨረሻዋ ጭብጨባና የመጨረሻው የከበሮ ምት መካከል ያለው ርቀት 7 ሚሊ ሰከንድ ሆነ።